ከላይ የማይታየው ግቢ

ሰበታ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን

ዛሬ መሐንዲሷ ሰናይት የሰበታን ካርታ ይዛልኝ መጣች። ባልደረቦቿ በሳተላይት ምስል የየሕንፃውን ስፋትና ከፍታ ለክተው፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ በኮምፒውተር ገምተዋል። አዲሶቹ ትራንስፎርመሮች የሚታደሉት በዚሁ ግምት ነው። የቀረው የሥርጭት ኃላፊው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

ብዕሬን እንዳነሣሁ ያደግሁበትን ግቢ አየሁት። ረጅሙ የቆርቆሮ ጣሪያ ዛሬም አለ። ካርታው "አንድ መኖሪያ ቤት" ይለዋል። እኛ ግን በዚያ ጣሪያ ሥር ስድስት ቤተሰብ ሆነን በአንድ ቆጣሪ እንኖር ነበር። እናቴ ማለዳ የትምህርት ቤት ልብሴን ልትተኩስ ካውያ ስትሰካ የሁሉም አምፖል ይደበዝዛል። አከራያችን ኦቦ ቶለሳ ከግድግዳው ማዶ ይጮኻሉ፦

"ኧረ ማል ታኤ፣ ምን ሆነ? ልጁን ለሚኒስትርነት ነው እንዴ የምታሰናጂው?"

"ይታገሡኝ ኦቦ፣ ኮሌታው ብቻ ነው የቀረኝ!" ትላለች እናቴ እየሳቀች።

ያ ሳቋ ዛሬ ምንኛ ናፈቀኝ።

"አሁን ስንት ቤተሰብ ይኖርበታል?" አልኳት ሰናይትን።

"እሱ ከላይ አይታይም፣ ጋሼ።" ቀጥላም፦ "እኔም የተከራየሁት እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ነው። አምስት ቤተሰብ ነን።"

"ታዲያ ይህን ምነው ቀድመሽ አልነገርሽን?"

"የጠየቀኝ የለማ!"

በዚህ ስሌት ከሄድን ለእነዚህ ሠፈሮች የሚደርሳቸው ኃይል አይበቃቸውም። ሰነዱን ሳልፈርም መለስኩላት፤ ግቢ ለግቢ ዞረው ቆጣሪ የሚጋሩትን ቤተሰቦች እንዲመዘግቡም አዘዝኩ። የቡራዩንና የሱሉልታን ሰነድ ግን ባለፈው ሳምንት፣ ካርታውን በወጉ ሳልመለከት፣ ፈርሜ አሳልፌዋለሁ።