ሳይታወቃቸው የተናገሩት

ውድ ወንድሜ ዮአኪም፣

እንዴት ከርመሃል? የስቶክሆልም ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሳልህስ ተሻለህ? እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ አላስወጣ ብሏታል። እኔም ደህና ነኝ እንዳልልህ ፍርሃት ሰቅዞ ይዞኛል። ፖስታ ቤቱን ስላላመንሁት ይህን በአክስታችን ልጅ በኡርሱላ እጅ ልኬልሃለሁ፤ አንብበህ አቃጥለው።

ሥራዬን ታውቃለህ። ፕሮፌሰሩ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ያጠናሉ። የመጣው ሰው እንቆቅልሽ ይሰጠዋል፤ እየፈታ በሐሳቡ የመጣውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ እኔ አንድ ቃል ሳላስቀር እጽፋለሁ። ማክሰኞ ሰዓት ሠሪው አቶ ኦስተርካምፕ መጡ። በስድስት የክብሪት እንጨት አራት እኩል ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ተሰጣቸው። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ጠረጴዛው ላይ አይበቃም… እንዲህም አይሆን…» ሲሉ ቆዩና፣ በዚያው ድምፅ «እነዚህ ወሮበሎች አገሩን ባይዙት ወንድሜ እስር ቤት ባልበሰበሰ» አሉ። ወዲያው «ቆይ ቆይ! ወደ ላይ ማቆም ነው ለካ!» ብለው ሦስቱን እንጨቶች ጠረጴዛው ላይ ባስተኟቸው ሦስቱ ላይ ጫፋቸውን አጋጥመው አቆሙ።

እጄ ለምዶበት ጽፎት ነበር። ሲሄዱ ገጹን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁና በምትኩ «ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ» ብዬ ጻፍሁ።

የናዚ ፓርቲን ዓርማ ከደረቱ የማይለየው የፕሮፌሰሩ ረዳት ክላውስነር አንብቦ፣ «ወይዘሪት፣ እንዲህ ሲለፈልፍ የነበረ ሰው ድንገት ዝም አለ?» አለኝ። «አዎ» አልሁት። ፕሮፌሰሩ ግን ደስ ብሏቸው፣ «አያችሁ! መልሱ ከዝምታ ዱብ አለ! ይህማ መጽሐፌ ውስጥ ይገባል» አሉ። ክላውስነር ፈገግ ብሎ፣ «ሰዓት ሠሪው ዓርብ ሲመለሱ እኔ ራሴ እጽፋለሁ» አለ።

ሐሙስ ዕለት ሰዓት የማሠራ መስዬ ሱቃቸው ሄድሁና የተናገሩትን በሹክሹክታ ነገርኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔ? ብያለሁ እንዴ?» አሉኝ። መናገራቸውን እንኳ አያውቁም ነበር።

ዓርብ ቀሩ። ክላውስነር አድራሻቸውን ከመዝገቡ ገለበጠ። ቅዳሜ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። ሸሽተው ይሁን ተወስደው፣ ጎረቤት ስጠይቅ ሁሉም ፊቱን አዞረብኝ።

አሁን ከንፈሬን ገጥሜ ነው የምውለው። እናታችን «አፍሽን ማን ሰፋው?» ትለኛለች። ትናንት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ ያለችው ሴት ዞር ብላ «ምን አልሽ?» አለችኝ። ወንድሜ፣ ምን እንዳልሁ አላውቅም።

ባለቤትህን ሲግሪድን ሳምልኝ፤ ትንሿን ማያንም። እናታችን ሁላችሁንም በናፍቆት ሰላም ትላለች።

እህትህ ኤልፍሪደ
ከምታውቀው ቤት፣ ጀርመን
ጥር 24 ቀን 1937 እ.ኤ.አ.