ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው የዳርኩሽ

መርሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብርቱካን፤

እንዴት ሰነበትሽ? የልጅ ልጄ ኤደንስ እንዴት ናት? አዲስ አበባ ሆስፒታል ይዛችኋት ከገባችሁ ወዲህ ስሟን ሳላነሳ የዋልኩበት ቀን የለም። እኛ ደህና ነን፤ ማሽላው ተሰብስቧል። ስልኩን ከባልሽ ከዮናስ ጋር ስለምትጋሩት ይሄን በወረቀት ጻፍኩልሽ። ብቻሽን አንብቢው።

«አባባ፣ ወልድያ ሄደው ደም ይስጡ» ብለሽ ስትደውዪልኝ ነገሩ አላማረኝም። የታመመችው የስድስት ዓመት ልጅ፣ ደም የሚቀዳው ከሽማግሌ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ቢሆንም ለኤደን ብዬ ሄድኩ።

ነርሱ ሮቤል ይባላል። ሦስት ብልቃጥ ደርድሮ በያንዳንዱ ላይ ስሜን ጻፈ። «ለምን ሦስት? ወዴት ነው የሚሄደው? ማንስ ሊጠጣው ነው?» አልኩት።

«አባባ፣ ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ነው» አለኝ። «እንዴት አድርጎ እንደሚሠራ ደግሞ ከእናትም ከአባትም ይወርሳል። የኤደን መቅኔ ቀይ ደም በደንብ መሥራት አቅቶታል፤ በየወሩ የሰው ደም የሚሰጣትም ለዚያ ነው። አንድ ዓይነት ጉድለት ከእናትም ከአባትም ወገን ወርዶባት እንደሆን ከዘመዶቿ ደም ይታያል። በሽታው በስሙ ከታወቀ ሕክምናውም ይለያል።»

ይሄን ብሎ ወረቀት አወጣና «እናትና አባቷ ይዛመዳሉ?» ሲለኝ ክንዴን ሰበሰብኩ። «ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው የዳርኳት። አንተ ማን ነህና ዘሬን የምትመረምር?» ብዬው ወጣሁ። ሚኒባሱ መርሳ እስኪደርስ ስረግመው ነበር።

ልጄ፣ ጥያቄውን ነው የፈራሁት። ከሠርግሽ በፊት ሽማግሌዎች ፊት ዘር የቆጠርኩት እኔ ነኝ። የዮናስ ሴት አያት እታፈራሁ ጋ ስደርስ በአባቷ ቦታ የአሳዳጊዋን ስም ጠራሁ። የወለዳት ግን የኔው አያት ነው፤ ከትዳሩ ውጭ ወልዶ አንድ ቀን ልጄ ብሎ አልጠራትም። እኔም ያልተጠራ ልጅ አይቆጠርም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሦስተኛው ቤት ላይ ትገናኛላችሁ። አንቺ ልጁን ወደሽው ነበር፣ እኔም የቤቴን ገመና ማውጣት አፈርኩ።

ትናንት ተመልሼ ደሙን ሰጠሁ። ለሮቤል ግን ይሄን አልነገርኩትም፤ እሱን አሁንም አላምነውም። አንቺ ለኤደን ሐኪም «ዘመድ አይደለንም» ብለሽ ያስጻፍሽውን ይሄ ወረቀት እንደደረሰሽ ሄደሽ አስተካክዪ። ለዮናስ ትነግሪው እንደሆን አንቺ ታውቂያለሽ።

እመብርሃን ኤደንን ትማርልን። ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አንቺ ግን ስትመጪ ጉልበቴን ባትስሚ አልቀየምሽም።

አባትሽ ማሩ