የእማዬ ምስክርነትና የእኔ ሳንባ

ሰኞ፣ ፍኖተ ሰላም

አበድኩ! የመርከብ ድርጅቱ ወኪል ከአዲስ አበባ ደውሎ «እንኳን ደስ አለህ፣ ድነሃል አሉ» አለኝ። ማን አለ? እናትህ። ቪዲዮ አለን።

ላከልኝና ከእህቴ ከጥሩዬ ጋር አየነው። ቡሬ አጠገብ ያለው የገጠራችን ጸበል ነው። እኔ ውኃ እየተንጠባጠብኩ ቆሜያለሁ። እማዬ ማይክራፎን ይዛ «ልጄ መርከብ ላይ ሳንባውን ተመቶ መጣ፤ ይኸው ድኗል! እንደ አዲስ ተፈጥሯል!» ትላለች። ሕዝቡ እልል ይላል። እኔ ሞኙም ፈገግ ብያለሁ።

እዚያ መመስከር ወግ ነው፤ ዝም ያለ ሰው የተደረገለትን የደበቀ ይመስላል። ያን ቀን ደግሞ እውነትም አልሳልኩም ነበር። ማን ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ እንደለጠፈው እንጃ።

የመርከቡን ታንክ ሳጥብ የተነፈስኩት ኬሚካል ነው እንዲህ ያደረገኝ። ከድርጅቱ የጠየቅሁትን ካሳ በዚህ ቪዲዮ ከከለከሉኝ ምን ይውጠኛል? ወደ ባሕር አልመለስ፣ እርሻ አልገፋ።

ማክሰኞ

ቡሬ ወርጄ በእግሬ ወደ እማዬ ሄድኩ። ዳገቷን እየቆምኩ፣ እየተቀመጥኩ ወጣኋት። ድሮ እየሮጥኩ ነበር የምወጣት።

እማዬ በርበሬ እያሰጣች ነበር። ገና ሳልጠጋት ሳሉ ያዘኝ፤ ዓይኔ እስኪፈስ። ሲያልፍልኝ የመጣሁበትን ነገርኳት። ልጄ አልዳነም በይልኝ አልኳት።

«በአደባባይ ያመሰገንሁትን አምላክ በጓሮ ልካደው? ተቀይሞ ቢወስድህስ?» አለችኝ። እንባዋ መጣ።

እኔም ተናደድኩና «እንግዲያው ጸበሉ ካሳዬን ይክፈለኛ!» አልኳት። ወደ በርበሬዋ ዞረች። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ረቡዕ

ከወኪሉ ጋር ተስማማን። ሁለታችንም የተቀበልነው ሐኪም ባሕር ዳር ነገ ያየኛል። እሱ ያለው የመጨረሻ ይሆናል።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦ ቪዲዮው ለሐኪሙም ተልኳል። ነገ ደህና ብተነፍስስ? ጤና እንዳይሆን የሚለምን ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እማዬ ስልክ አታነሳም።

ጥሩዬ «ሐኪሙ ፊት በደንብ ሳልለት እንጂ» አለችኝ። እንቢ አልኳት። ተዋናይ መሆን አልችልበትም፤ ደግሞ አያስፈልገኝም።

ሐሙስ፣ ባሕር ዳር

ጠዋት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስደርስ እማዬ ቆማለች! ጥሩዬ በጎረቤት በኩል ነግራት፣ ከቡሬ በመጀመሪያው መኪና መጥታ ነው። በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዛለች። «እኔም እሄዳለሁ» አለችኝ። ባሕር ዳር እስክንገባ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ነው።

ሐኪሙ በቱቦ አስነፋኝ። ደረጃ አስወጣኝ፣ አስወረደኝ። መሃል ላይ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረና «እናቴ፣ ድኗል ብለው መስክረው ነበር አይደል?» አላት።

«ብያለሁ ጌታየ፤ አልክድም። ሬሳው ሳይሆን እሱ ስለመጣልኝ ነው ያመሰገንሁ። ግን ማክሰኞ ዕለት ዳገቷን ሲወጣ ከታች ጀምሬ ሳየው ነበር። እንዲያ የሚተነፍስ በሬ ቢሆን ቀንበሩን አወርድለት ነበር። አምላክ ነፍሱን መልሶልኛል። ሳንባው ገና ነው።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ሐኪሙም አልሳቀባትም። ከኬሚካሉ ስርቅ ሳንባዬ ስለሚያርፍ ደህና የምሆንባቸው ቀናት እንዳሉ አስረዳን። ውጤቱን ለሁላችንም እልካለሁ ብሎ ሸኘን። ስንመለስ እማዬ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ሳልቀሰቅሳት ቀረሁ።

ዓርብ

ከወኪሉ ወሬ የለም። ጥሩዬ እማዬን አትሄጂም ብላ እኛው ጋር አስቀርታታለች። ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኋት። «ምኑን?» አለችኝ፤ አውቃ ነው።

ሰኞ

ወኪሉ ደወለ! ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ብሎ ሐኪሙ ጽፏል፤ ወደ መርከብ ሥራም አልመለስም። ድርጅቱ ካሳውን ሊከፍል ተስማምቷል። ስልኩን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከላዬ ላይ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ባሕሩ ግን ቀረ። ጎህ ሲቀድ መርከቡ ጫፍ ላይ መቆም እወድ ነበር።

«እማ፣ አልዳነም ብለዋል! ሊከፍሉኝ ነው!» አልኳት።

ለእልልታ አፏን ከፈተች። ከዚያ ደንግጣ በነጠላዋ ሸፈነችውና ወደ ጥሩዬ ዞረች።

«አንች ልጅ! መጀመሪያ ያን ስልክሽን አስቀምጭ!»

ጥሩዬ ስልኳን ትራስ ሥር ከተተችው። እማዬ አቀለጠችው። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ ሳቁ ሳል ሆነብኝ። እሷም በአንድ እጇ ጀርባዬን እያሻሸች እልልታዋን ቀጠለች።