አይጨስም፣ ይጠጣል

ኅዳር 4

ሥራ ያዝኩ! ማለት… ሥራ ከተባለ። የፒፓና የትምባሆ ሱቅ። በገበያ ጥናት ተመርቄ የመጀመሪያ ወንበሬ ከባንኮኒ ጀርባ ያለች አንድ እግሯ የምትንገዳገድ በርጩማ ሆነች። እማዬ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ጭስ እንድትሸጪልኝ ነው?" ታናሽ ወንድሜ ደግሞ፣ "ተያት እማዬ፣ ቢያንስ እሳት ያለው ሥራ ነው" አለ። ጅል።

ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው የሚጠሩኝ "ምሩቅ" እያሉ ነው። "ምሩቅ፣ በሩን ዝጊው፣ ንፋስ ገባ።" "ምሩቅ፣ መጥረጊያው የት ገባ?" የቀጠሩኝ እስከ ሚያዝያ በሙከራ ነው። ገበያው ቀዝቅዞባቸዋል፤ ምን ቢደረግ እንደሚሻል አጥንቼ ልነግራቸው። እኔ ደግሞ ለዚህ አይደል የተፈጠርኩት?

ፊት ለፊት ያለው መደርደሪያ ላይ የፋብሪካ ቆርቆሮዎች… ቫኒላ፣ ቼሪ፣ ቸኮሌት። ከኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ጋሼ በእጃቸው ቅጠል የሚቀላቅሉባት። እዚያ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በትልቅ ብርኒ ሆኖ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል። ስም እንኳ የለውም። የሚፈልገው ሰው "የቤቱን ይስጡኝ" ነው የሚለው።

የማላውቀውን ነገር እንዴት እሸጣለሁ? አልኩና ለራሴም ትንሽዬ ፒፓ ገዛሁ። ከቫኒላ ጋር። ጋሼ አንድ ፓኮ ክብሪት በላዩ ጨመሩልኝ።

"ይሄስ ለምንድነው?"

"ያስፈልግሻል።"

ኅዳር 5

ክብሪቱ አለቀ። ትምባሆው አላለቀም።

ኅዳር 9

ምላሴ ተላጠ። ሾርባ እንኳ ቀዝቅዞ ካልሆነ አልችልም። ጋሼ፣ "ወደ ሳንባ እንዳታወርጂው፣ አፍሽ ላይ ይቅር" ብለውኛል። ኧረ እኔስ አላወረድኩትም፣ እሱ ነው አፌን የቀቀለው።

ግን ሽታው! የቤታችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሳጨስ ወንድሜ ከላይ አንገቱን አውጥቶ፣ "ኬክ ቤት ነው የተቃጠለው?" አለ። የሚገርመው ያ ሁሉ መዓዛ ለአላፊ አግዳሚው ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ትኩስ እንፋሎት ብቻ። ለሌላ ሰው ነው እንዴ የማጨሰው?

ኅዳር 14

የቤቱን ቀመስኩት። የተቃጠለ ጆንያ! ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሦስት አራቴ ሳብ ሳብ አድርጌ ደፋሁት።

ለጥናቴ ሲሉ የቀመሱ አዳዲስ ደንበኞችም ፊታቸውን አጨማድደው ወደ ቫኒላው ተመለሱ። የሚገዛው ጥቂት የጥንት ደንበኛ ነው። ከነሱ አንዱን "ዝምታው" ብዬዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ ብርኒውን በጣቱ ነካ ያደርጋል፣ ይከፍላል፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይወጣል። ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።

ኅዳር 22

ጥናቴን አቀረብኩ! ባለቀለም ሥዕል ሁሉ ሠርቼ። የቤቱ ይቅር፤ የኋላዋ ክፍል ትከራይ። ማዶ ያለው የስልክ ጠጋኝ ቦታ ሲፈልግ ከርሟል። እጄን እያወናጨፍኩ ስናገር ጋሼ ፒፓቸውን ጥርሳቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ።

"ቀምሰሽዋል?"

"አዎ።"

"ምን ምን አለሽ?"

ልዋሽ ነበር… አልቻልኩም። "የተቃጠለ ጆንያ።"

ሳቁ። "ጆንያ!" ከዚያ መስኮቱን አዩት። "የሚቀምሰው ከሌለ ለማን ብዬ ነው የምቀላቅለው? ይሁን። ያለው ቅጠል እስኪያልቅ ልሥራና ሚያዝያ ሲገባ ያ ጠጋኝ ልጅ ይግባበት።"

አለቀ። እንዲህ ቀላል ነው? የመጀመሪያ ጥናቴ ተቀባይነት አገኘ! ወደ ቤት እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

ታኅሣሥ 11

ዛሬ የተማርኩት፦ ትምባሆው ሲጠቀጠቅ ግድግዳ እንደመሳብ ነው፤ ሲላላ ይጠፋል። ጋሼ ፒፓዬን ተቀብለው አዩትና፣ "ሻንጣ ነው እንዴ የምታዘጋጂው? የት ልትሄጂ ነው?" አሉ። ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ። የመጀመሪያው ክብሪት ለመቀስቀስ ብቻ ነው፤ ትምባሆው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ያኔ በስሱ ጫን አድርጎ ሁለተኛውን መለኮስ።

ለካ እስከዛሬ የተኛ ሰው ነው የማናግረው።

ጥር 6

ቫኒላ ሰለቸኝ። ቼሪም። ቸኮሌትም። ሽታቸው ለየቅል፣ መጨረሻቸው አንድ… እርጥብ ስኳር። ፒፓው ውስጥ ውሃ ቋጥረው ይንቆረቆራሉ።

እና ወደ ጥቁሩ ዞርኩ! እሳት ዳር የደረቀ ቆዳ የሚመስል ኃይለኛ ትምባሆ። ይሄ ነው ቁም ነገር፣ ቫኒላ የጀማሪ ነው አልኩ። (ጀማሪ! ማን ሆኜ ነው?) እስከ ግማሽ ስደርስ ደረጃው ዞረብኝ። ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ወንድሜ ደግፎ አስገባኝ። እማዬ፣ "ቤት ውስጥ ጎማ ያቃጠለው ማነው?" እያለች መስኮት ትከፍታለች።

ጉራዬ አቅሌን አሳተችኝ።

ጥር 17

ገበያ ስለሌለ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ፒፓዬን እያቦነንኩ ነበር።

"ምሩቅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያጨስኩ ነዋ፣ ጋሼ።"

"እሱንማ አየሁ። ጭሱ እንጂ አንቺ አትታዪኝም።" ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ማጨስ ማለት እኮ ጭስ ማስወጣት ነው። ምድጃም ያጨሳል። የድሮ ሰው ትምባሆ 'ጠጣ' ነበር የሚለው።"

"እንዴት ነው የሚጠጣው?"

"ፉት እያልሽ። የሚያቃጥል ነገር ስኒ ውስጥ ሲሰጡሽ እንዴት ትጠጫለሽ? እንደዛ።"

"ቢጠፋብኝስ?"

"ይጥፋ! ሲጠፋ ምን ነውር አለው? ክብሪት አለሽ አይደል?"

እኔ እኮ… ከጠፋ የወደቅኩ ይመስለኝ ነበር። እንዳይጠፋ ስሮጥ ነው ምላሴን የማቃጥለው። ይሄ ነገር ፒፓ ላይ ብቻ ነው? ተይው፣ አልመልሰውም።

የካቲት 2

ፒፓው ደጋግሞ ጠፋ። አላፈርኩም።

የካቲት 12

የሆነውን ልጻፍ። ብርኒው ሥር የቀረችውን የቤቱን ትርፍራፊ ጋሼን አስፈቅጄ ወሰድኳት። እርጥበቷ እንዲወጣ ወረቀት ላይ አናፈስኳት። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ፉት… ተውኩት። ፉት… ተውኩት።

ጆንያ የለም።

መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ፀሐይ የመታው። ትንሽ ቆይቶ የትኩስ ዳቦ ቅርፊት። ግማሽ ላይ ዘቢብ ዘቢብ ማለት ጀመረ። ማንም ስኳር አልጨመረበትም እኮ! ቅጠሉ ራሱ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ጉሮሮ ደጃፍ ደርሶ እንደ ቁንዶ በርበሬ ቆንጠጥ አድርጎኝ ሄደ። አመዱን ስደፋ ፒፓው አልረጠበም፣ ምላሴም ደህና ነው።

ያ ትምባሆ ያው ነው። የተለወጠው ማነው? እያቃጠልኩ "ተቃጠለ" ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። ጆንያው እኔ ነበርኩ።

ደስ ብሎኝ ተነሳሁና… መልሼ ቁጭ አልኩ። የስልክ ጠጋኙ! ሚያዝያ! ማን ነው ይቅር ያለው? እኔው፣ በባለቀለም ሥዕል።

የካቲት 20

ጠጋኙ ሜትር ይዞ መጣ። እያፏጨ ይለካል። "ጋሼ፣ ይሄ ጠረን ይለቃል?" "ቀለም ሲቀባ ይለቃል" አሉት። ቀለል አድርገው። እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዤለታለሁ። ግድግዳው ላይ ጠበቅ አድርጊው ሲለኝ ጠበቅ አድርጌ።

ለምን አልተናገርኩም? "ጋሼ፣ ያ ጥናት ተሳስቷል፣ ምላሴ ገና አልደረሰም ነበር" ይባላል? ለሙከራ የተቀጠረ ሰው እንዲህ ብሎ ሥራው ይጸናለታል? እስቲ ነገ…

መጋቢት 3

ጋሼ አዲስ ቀላቀሉ። የመጨረሻው ነው አሉ። ሮጬ ቀመስኩት። ድርቆሹ አለ፣ ዳቦው አለ፣ ዘቢቡ አለ… ቁንጥጫው የለም። ፒፓዬ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ ጠረግኩት፣ አሳደርኩት፣ ደግሜ ቀመስኩ። የለም። ዓመሌ ሆኖ ነው እንዴ እንከን የምፈልገው?

መጋቢት 7

ሐሙስ። ዝምታው መጣ። ብርኒውን ነካ ሲያደርግ አላስቻለኝም። "ይቅርታ… የቤቱ ተለውጦብዎታል?"

ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺም?"

አወራ! ሌላ ምንም አልጨመረም። ከፍሎ ሄደ።

መጋቢት 9

ጋሼ የኋላዋ ክፍል ጠረጴዛ እያጸዱ ነበር። በር ላይ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ የቤቱ ላይ የሆነ ነገር ጎድሏል።"

ቀና አላሉም። "ምን?"

"ስሙን አላውቀውም። መጨረሻ ላይ ይመጣ የነበረ… ቁንዶ በርበሬ ቢጤ።"

ጨርቁ እጃቸው ላይ ቆመ። "ማን ነገረሽ?"

"ምላሴ።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ከረጢት አወጡ። ጥቁር፣ ድቅቅ ያለ ቅጠል። ቢከፍቱት ያው ሽታ! "ይቺ ናት። ትንሽ ነው የሚገባው፣ ቆንጠር። በዚህኛው ቅልቅል ተውኳት። ጆንያ ለሚል ሰው ቁንዶ በርበሬ ምን ያደርግለታል ብዬ።"

መሬት ብትውጠኝ። "ጋሼ፣ ያ ጆንያ እኮ…"

"አውቃለሁ። ሲጀምር ጆንያ የማይል የለም። እኔ ድመት ብዬዋለሁ።"

"ድመት?"

"ዝናብ የመታት ድመት።"

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። "ታዲያ ለምን ያኔ አልነገሩኝም?"

"ለምላስ ይነገረዋል እንዴ?"

"ለምንስ እሺ አሉኝ?"

"ደክሞኝ ነበር ልጄ። ደግሞ አንቺ ስትናገሪ ታሳምኛለሽ፣ የጉድ ልጅ ነሽ።"

ልጄ አሉኝ። ምሩቅ አላሉኝም። "እንግዲያው አሁን በተቃራኒው ላሳምንዎት?"

"እስቲ ሞክሪ። ሥዕል ግን አታምጪብኝ።"

ያለ ሥዕል ተናገርኩ። እጄንም አላወናጨፍኩም፤ አንዱ እጄ ፒፓ ይዟል። ሳልቸኩል ጨረስኩ። ጋሼ ከከረጢቱ ቆንጠር አድርገው የተቀላቀለው ቅጠል ላይ በተኑና፣ "ለጠጋኙ ማን ይነግረዋል?" አሉ።

"እኔ።"

"እሺ። ከጮኸብሽ ጥሪኝ፣ መጥቼ አይሻለሁ።"

መጋቢት 10

ጮኸብኝ። ልክ ነው። "ሜትሬን ይዘሽ ስትቆሚ አፍሽ የት ነበር?" ግን ሌሊቱን ሳስብበት ያደርኩት ነገር ነበር። ከመስኮቱ ሥር ያለው ጥግ! የማይሸጠው የቼሪ ቆርቆሮ ተከምሮበት ነው እንጂ ብርሃን አለው፣ ከመንገድ ይታያል። ስልኩ እስኪጠገንለት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ቆሞ ምን ያያል? የኛን መደርደሪያ።

ጠጋኙ ጥጉን አየው። ወደ መንገዱ አየ። "ይሄማ ከዛ ጨለማ ይሻላል" አለ፣ አሁንም እንደተቆጣ። ውሉን ለመነጋገር ጋሼ ጋ ቢሄድ፣ "እኔን ምን ትለኛለህ? ቀማሿን ጠይቃት" አሉት።

ቀማሿ! ደግሜ ጻፍኩት። ቀማሿ።

መጋቢት 21

የቤቱ በትንንሽ ቆርቆሮ ይሸጥ ተባለ። ጽሑፉን እኔ ልጽፍ። መጀመሪያ ድርቆሹን፣ ዳቦውን፣ ዘቢቡን ደረደርኩ። ሳነበው የሠርግ ጥሪ መሰለ። ሰረዝኩ። ሰረዝኩ። በመጨረሻ የቀረው አንድ መስመር፦ "አይጨስም፣ ይጠጣል።"

ወንድሜ አነበበና፣ "በውሃ በጥብጦ ቢጠጣው ማን ይጠየቃል?" አለ። እማዬ እንኳ ሳቀች። ከዚያ ቆርቆሮውን ከፍታ አሸተተችው። "ይሄኛውን ሳሎንም ብታጨሺው አይከፋም።" 'ብታጨሺው' ነው ያለችው… አላረምኳትም።

ሚያዝያ 2

የሙከራ ጊዜዬ ሳይታወቀኝ አልፏል። ጋሼ ምንም አላሉ። ጠዋት የኋላዋ ክፍል ስገባ ግን ሁለተኛ በርጩማ ተቀምጣለች። አራቱም እግሯ ደህና።

እኩለ ቀን ላይ ስልክ ተደወለ። ትሁት ሴትዮ። "ይቅርታ፣ ለባለቤቴ ስጦታ ገዝቼ ነበር… በስንት ብርጭቆ ውሃ ነው የሚበጠበጠው?" ጠጋኙ ከሳቁ ብዛት የከፈተው ስልክ እጁ ላይ ሊበተን ነበር። ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "በይ ቀማሿ፣ መልሺላት!" ከነገ ጀምሮ ጽሑፉ ላይ "ፉት እያሉ፣ በፒፓ" የሚል ይጨመራል።

ማምሻውን አንድ ወጣት ገባ። አዲስ ኮት፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ ከአንገቱ አልተነሳም። የመጀመሪያ ፒፓውን መረጠ። ቫኒላ እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ "ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው አይደል?" የቤቱ ብርኒ ክርኔ ሥር ነበር። አፌን ከፈትኩ… ጋሼ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘጋሁት።

"ጥሩ መዓዛ አለው" አልኩት፣ እውነቴን። ጠቀለልኩለት። አንድ ፓኮ ክብሪትም በላዩ ጨመርኩ።

"ይሄስ ለምንድነው?"

"ያስፈልግሃል።"