ብረት ነካኝ፣ አለሁም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ስልኬን ካነሳሽ ሦስት ዓመት አልፎሻል፤ ደህንነትሽን የምሰማው ከአክስትሽ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ወሬውን ከሌላ ሳትሰሚው ከእኔ ስሚው፦ ካንሰር ነበረብኝ። የትልቁ አንጀት። «ነበረብኝ» ማለቴን ልብ በይ።

በክረምቱ ሰገራዬ ላይ ደም አየሁ። ኪንታሮት ነው ብዬ ናቅሁት፤ ዕድሜውን ጎንበስ ብሎ ጎማ ሲፈታ የኖረ ሰው ኪንታሮት ቢይዘው ምን ይገርማል? በሦስተኛው ቀን ግን የእናትሽ ፊት ድቅን አለብኝ። ጎሚስታ ቤቱን ቆልፌ ሆስፒታል ሄድኩ።

ሐኪሟ በዕድሜ ካንቺ ብዙም አትበልጥም። ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀቴን አየች፣ ቅንጣት ቆርጣ አስመረመረች። «አባባ፣ ገና በጊዜው ነው፤ ወደ ውስጥ ሥር አልሰደደም። ሆድዎን ሳንከፍት በዚሁ ቱቦ እናወጣዋለን» አለችኝ።

አጎትሽ ይህን ሲሰማ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ ሳሎኑን ሞላው። «ብረት ከነካው ይሰራጫል! አርፈህ ተቀመጥ» አለኝ። አክስትሽ ደግሞ፣ «ስሙን ምን አስጠራህ? ጨጓራ ነው በል» አለች።

ደሜ ፈላ። «ጨጓራ ነው እያልን ሚስቴን ቀብረናል! እሷንም ብረት አልነካትም፤ ታዲያ ዳነች?» አልኳቸው።

አጎትሽ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬም እንዳኮረፈ ነው። ያኩርፍ!

ከዚያ ወዲያ «ምነው ከሳህ?» ላለኝ ደንበኛ ሁሉ «ካንሰር ነው፤ ሐሙስ ይወጣል» እለው ጀመር። አንዱ የሚኒባስ ሹፌር ደንግጦ ጎማውን ጥሎልኝ ሊሄድ ነበር። ያ «ግንባሩ» የምንለው የጭነት መኪና ሹፌር ግን ሰው ገለል እስኪል ጠብቆ፣ «እኔም ደም አያለሁ፤ ለሚስቴም አልነገርኳት» አለኝ። በማግስቱ እጁን ይዤ ወስጄ አስመረመርኩት።

ረቡዕ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት በሊትር በሊትር ጠጥቼ ከሽንት ቤት ጋር ተጋብቼ ዋልኩ። ሐሙስ የሚያደነዝዝ ሰጡኝ እንጂ ጨርሶ አልተኛሁም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የራሴን አንጀት አየሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀይ እብጠት ናት። ይቺ ናት የፈራናት! ሐኪሟ ከሥሯ በመርፌ ፈሳሽ ሞልታ ከፍ አደረገቻትና ዙሪያዋን በኤሌክትሪክ ቢላ ትልጥ ጀመር። እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ፣ «ልጄ፣ ሸራውን እንዳትበሺብኝ» አልኩ፤ አንጀቴ ጎማ መስሎኝ።

«አባባ፣ ዝም ካሉልኝ አልበሳም» አለች። ነርሶቹ ሳቁ።

አንድ ላይ፣ ሳትቆራረጥ ወጣች። ውጤቱ ሲመጣ ዳር ዳሩ ሁሉ ንጹህ ነው፤ ሌላ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም ተባልኩ። ይኸው ቁልፌን ይዤ ጎማ እፈታለሁ።

አሁን ወደ እኛ ነገር ልምጣ። የእናትሽን ካንሰር የደበቅኩሽ ፈተና ላይ ስለነበርሽ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ስሙን ካልጠራሁት የማትሞት መስሎኝ ነው። ሲቀብሯት እንኳ አላየሻትም። ብታኮርፊኝ አልፈርድብሽም።

ግን ሐኪሟ «በእናትም በአባትም ካለ ልጅዎ ትመርመር፤ ምንም ባያማትም» ብላለች። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ብቻ ተመርመሪ። ይህን አልለምንሽም፤ አባትሽ ነኝ፣ አዝዣለሁ።

እኔ ካወጡልኝ ስድስት ወር ሲሆነኝ እንደገና እታያለሁ። ቅጹ ላይ «አብሮ የሚመጣ የቅርብ ዘመድ» የሚል ቦታ አለ፤ ያንቺን ስም ጻፍኩበት። ነርሷ ቁጥሩን አይታ፣ «ይሄ የውጭ አገር ስልክ አይደል? እንዴት ይደርሳሉ?» አለችኝ።

«እሱን ለእሷ ተዪው» አልኳት።

ክፉ አይይሽ፤ የእጅሽን ሥራ ፈጣሪ ይባርክልሽ፤ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ።

አባትሽ

የቀጠሮዬ ቀን መጋቢት አራት ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው የጻፍኩልሽ።