ዘጠና ዘጠኝ ጨዋታ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

የኳስ ክለቦች የተጫዋቾች ልውውጥ ዛሬ ተከፈተ። ለአሥር ቀን ሰላም የለም ማለት ነው። ጠዋት ትራሙን ሳወጣ ጭጋግ፣ እኩለ ቀን ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ... ሜልበርን ነው፣ ማን ይገረማል። ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ ወሬ ስቃርም ኮስታ መጣ። አብሮኝ ትራም ሲነዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የክለቤ የሽመላዎቹ ባላንጣ የሆኑት የአዞዎቹ ደጋፊ ነው፤ ከዚህ ሌላ ነውር የለበትም።

"ትሬቭ፣ ሽመላዎቻችሁ ዘንድሮ ከየት ነው ሰው የሚያመጡት? ከጡረተኞች ነው ወይስ ከሆስፒታል?"

ዘንድሮ መልስ ነበረኝ፤ ግን አፌን ያዝኩ። ከአሥራ ስምንት ክለብ አሥረኛ ሆነን ጨርሰናል። መጨረሻ የወጣ ቀድሞ ስለሚመርጥ፣ ክለቦች አዲስ ልጆችን በየተራ በሚወስዱበት በኖቬምበሩ የወጣቶች ምርጫ ዘጠነኛው ተራ የኛ ነው። እስከ ዘጠነኛ ድረስ ደግሞ ቤይሊን ማንም አይነካውም ይላሉ አዋቂዎቹ። ቤይሊ የወንድሜ የዳሪል ልጅ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቱ። ግራ እግሩ... ስለ ግራ እግሩ ዛሬ አልጽፍም፣ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ሬዲዮ ላይ አንድ ሰው ደውሎ፣ ያጎቱ ልጅ አንድ ተጫዋች አውሮፕላን ማረፊያ ሳንድዊች ሲበላ አየሁት ብሏል አለ። ከዚያ ተነስተው ተጫዋቹ ክለብ ሊቀይር ነው ብለው ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። እኔም ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማኋቸው። ሞኙ ማነው?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ዛሬም የሚያውቁን ሁሉ የሚጠይቁኝ ያው ጥያቄ። "አባቱ ለእናንተ ተጫውቶ የለ እንዴ? ታዲያ ልጁን ለምን ዝም ብላችሁ አትወስዱትም?" ሕጉ መቶ ጨዋታ ይላል እኮ። አባት ለአንድ ክለብ መቶ ጨዋታ ከተጫወተ፣ ልጁን ያ ክለብ ከማንም በፊት የመውሰድ መብት አለው። ዳሪል ለሽመላዎቹ የተጫወተው ዘጠና ዘጠኝ ነው። አንድ ጎደለው። አንዷን ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

ኦገስት ላይ አገባሁ። እዚህ አገር ጤነኛ ሰው በኳስ ወቅት አይጋባም፤ ሴፕቴምበር አልቆ ዋንጫው እስኪነሳ ይታገሣል። ቀኑን የመረጠችው ሌአን ናት። እናቷ ታማ ነበር፣ ሐኪሙም እስከ ጸደይ መድረሷን ተጠራጠረ። ዳሪል ጨዋታ ስላለው ለማታው ግብዣ ይደርሳል ተባብለን ነበር። በሰርጉ ሳምንት ዓርብ ጠዋት ደወለ። "ጨዋታውን ትቼዋለሁ። ሚዜህ ነኝ" አለኝ። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

ግማሹ እንግዳ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ደብቆ ነው ቤተ ክርስቲያን የገባው። ቄሱ "ታገባታለህ ወይ?" ሲሉኝ ካግዳሚው አንድ ሰው "ጎል" አለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዳሪል ቦታ የገባው ልጅ ጥሩ ተጫወተ፤ ዳሪል ከዚያ ወዲያ አልተሰለፈም። በዓመቱ መጨረሻ አሰናበቱት።

በዚህ የተነሳ ስታዲየም ካሉኝ ሁለት የዓመት ወንበሮች፣ እግር እንደልብ የሚዘረጋበት፣ የመተላለፊያው ዳር የዳሪል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት። ካሳ መሆኑ ነው። ሌአን ቤት ትቀራለች፤ እሷ ኳስ ብዙም አትወድም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ዳሪል ቤት ጥብስ ነበር። ቤይሊ አምስት ቋሊማ በላ፣ አደገ ይህ ልጅ።

"አጎቴ፣ ሽመላ ካልሆንኩ ትክደኛለህ?" አለኝ።

"ሌላ ማልያ ለብሰህ ደጄን ብትረግጥ ውሻ ነው የምለቅብህ።"

"ውሻ የለህም እኮ።"

"እገዛለሁ።"

ዳሪል ቋሊማውን እየገለበጠ፣ "አይ ሌአን፣ ያኔ ሁለት ወር ብትታገሺ ኖሮ ዛሬ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ባልመጣ" አለ። በየዓመቱ የሚላት ነው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሌአን ሰሃኖቹን ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች፤ ቆየችም። ደክሟት ነው መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

ሰጡት። ዘጠነኛውን ተራ ሰጡት!

ልውውጡ የሚዘጋው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ከሃያ ድረስ ምንም የለም፤ ተርፈናል ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ። አንድ ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ሬዲዮው ተናገረ። ተራችንን ለአንድ የፐርዝ ክለብ ሰጥተን ያገኘነው... የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው። ሁለት ሜትር ከአራት ሳንቲ ሜትር። በቃ ረጅም ነው። ረጅም ነገር ካስፈለገ የመንገድ መብራት ምሰሶ ሞልቶ የለም እንዴ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሌአን ከኩሽና፣ "ግራ ጉልበቱ ሁለቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ዘንድሮ አሥራ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተሰለፈው" አለች።

ከየት ሰማችው? አልጠየቅኋትም። የማበድ ሥራ ይዤ ነበር።

ለዳሪል ደወልኩ፣ አላነሳም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

ኮስታ በር ላይ ነው የጠበቀኝ። ሌሊቱን ሲያዘጋጅ ያደረ ይመስለኛል።

"ጥሩ አደረጋችሁ ትሬቭ። የትራም ሽቦ ሲበጠስ ያ ሰውዬ ያለ መሰላል ይጠግንልናል።"

"ዞር በል ኮስታ።"

"ጉልበቱ ከፈቀደለት ነው እንግዲህ።"

በእረፍቴ ክለቡ ጋ ደወልኩ። አንዲት ትሁት ልጅ አነሳች። አሥር ደቂቃ ጮህኩባት። ስጨርስ፣ "ቅሬታዎን መዝግቤያለሁ። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?" አለች። ዘጠነኛውን ተራ መልሱልኝ አልኳት። "እሱ በእኛ ክፍል አይደለም" አለች። ምን ጥፋት አለባት ምስኪን... ግን ሰው ሲናደድ የሚጮኸው ስልክ በሚያነሳው ሰው ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ክፉ ቀን። የቤይሊን ጎሎች በስልኬ ለመቶኛ ጊዜ ሳይ ሌአን ከኋላዬ ቆማ፣ "የትም ቢሄድ ይጫወታል። ዋናው እሱ ነው" አለች።

እኔም ያልኩትን አልኩ። "ላንቺ ቀላል ነው። እንደ ሰው ኖቬምበር ላይ ብንጋባ ኖሮ ልጁ ዛሬ የኛ ነበር።"

ሃያ ስድስት ዓመት በቀልድ ነበር የምለው። ዛሬ ቀልድ አልነበረም። ሁለታችንም አወቅነው።

"ጨረስክ?" አለች።

የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ይዛ ወጣች። ዝናብ እየዘነበ አበባ ስታጠጣ በመስኮት አየኋት። እናቷ በተጋባንበት ዓመት ሴፕቴምበር ስድስት ነው የሞተችው። አስቤው ነበር ከመናገሬ በፊት? አላሰብኩትም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

ምርጫው ዛሬ ማታ ነበር። ሁላችንም ዳሪል ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት፤ ቤይሊ መሐል፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ። ስምንት ስም ተጠራ። ዘጠነኛው ላይ የፐርዙ ክለብ ኃላፊ ማይኩ ጋ ቀረበ...

የቤይሊን ስም ጠራ። በኛ ተራ! በገዛ ተራችን ወሰዱት።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እናቱ ኬሪ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ፐርዝ እኮ ነው፣ በአውሮፕላን አራት ሰዓት። ቤይሊ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ፊቱ ላይ ፍርሃት ነበር። ምን ዓይነት አጎት ብሆን ነው ልጁ በሕይወቱ ትልቁ ሰዓት ላይ እኔን የሚፈራው? ሄጄ አቀፍኩት። "ውሻውን አልገዛም" አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ።

ዳሪል ጥግ ይዞ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

ቤይሊን ሸኘነው። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ኳስ። ኬሪ አውሮፕላኑ ሲነሳ ካላየሁ ብላ ከእህቷ ጋር እዚያው ቀረች። በዳሪል ፒካፕ ስንመለስ ከሚሠራበት የመኪና ጎማ ሱቅ ያመጣው የላስቲክ ሽታ አፈነኝ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ በውስጤ የያዝኩትን አወጣሁት።

"ዳሪል፣ ይቅርታ። ያቺ አንዷ ጨዋታ... በኔ ሰርግ ነው።"

ነዳ፣ ነዳና ነዳጅ ማደያ ገብቶ አቆመ። ነዳጅ አልቀዳም።

"በሰርግህ አይደለም" አለ።

"እንዴት አይደለም?"

"ሐሙስ ማታ አሰልጣኙ ጠርቶኝ 'በዚህ ሳምንት የለህም' አለኝ። ጥለውኝ ነበር፣ ትሬቭ። ቤት ስገባ አባባ ፊቴን አይቶ፣ 'ለወንድምህ ሰርግ ብለህ ልትቀር ነው እንዴ?' አለኝ። አዎ አልኩት። ተነስቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አባባ እንዲህ አድርጎ ያውቃል? አያውቅም። በማግስቱ አንተ አለቀስክ። ከዚያ እንዴት ልመልሰው?"

"ሃያ ስድስት ዓመት?"

"በየዓመቱ ልነግርህ እልና..."

"በየዓመቱ ትቀልድባታለህ እንጂ! በሌአን ላይ!"

ወርጄ በትራም ወደ ቤት ሄድኩ። ሹፌሩ ኮስታ ሆኖ ተገኘ፤ ፊቴን አይቶ አንድ ቃል አልተናገረም። እግዜር ይስጠው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይሄን ያህል ማደር ነበረበት?

እሑድ፣ ኖቬምበር 24

ለሌአን ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ የነዳጅ ማደያውን፣ የአባባን፣ ሁሉን። ቢላዋዋ አልቆመም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ታውቂያለሽ?"

"ሰርጋችን ማታ ሲያስደንሰኝ ነገረኝ። ጠጥቶ ነበር። አልቅሶ ለመነኝ፣ አትንገሪው ብሎ።"

ተቀመጥኩ። "ለምን ዝም አልሽ? ይሄን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን ተሸክመሽ?"

"ያን ማታ መቶ ሰው ፊት ተነስተህ 'ወንድሜ ለኔ ሲል ጨዋታውን ተወ' ብለህ ተናገርክ። እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ቄሱ ፊት እኔን 'እሺ' ስትለኝ እንኳ እንደዚያ አልሆንክም። ይሄን እንዴት ልንጠቅህ? ደግሞ ዓመት ሁለት ዓመት ቀልደው ይተዉታል ብዬ ነበር።" ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለችው። "አንተ ግን አልተውክም።"

በዳሪል ስናደድ ውዬ ነበር። እሱ ዋሸ፤ የዋሸው ግን ለአንድ ቀን ነበር። በየዓመቱ ያቺን ውሸት አንስቼ ሚስቴ ላይ የወረወርኩት ማነው?

ይቅርታ አልኳት። "እሺ" አለች። እሺ ብቻ። ሌላ ምን እንድትል ነበር የጠበቅሁት?

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 4

ዳሪል ሳይደውል መጣ። የሌአንን መኪና ጎማ አራቱንም በአዲስ ቀየረ። ከዚያ ኩሽና ገብቶ ቆመ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፤ ምን እንዳላት አላውቅም፣ ውጭ እንድጠብቅ ነገረችኝ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔን "በርታ" ብሎኝ ሄደ። አሁንም ተናድጄበታለሁ። ለገና ግን ይመጣል፤ ሌአን ጠርታዋለች።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 7

የዓመት ወንበር ማደሻ ቅጹ መጣ። የሚቀጥለው ዓመት የጨዋታ ፕሮግራምም ወጥቷል። ፐርዞቹ ከሽመላዎቹ ጋር ሊጫወቱ እዚህ የሚመጡት በኦገስት ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተጋባንበት ቀን ነው።

ወንበር አንድ፣ የመተላለፊያው ዳር፣ ትሬቨር። ወንበር ሁለት... እስክሪብቶው ቆመ።

"ሌአን፣ አንዱ ወንበር ባዶ ነው። አብረሽኝ ትመጫለሽ?"

መነጽሯን አወለቀች። "በሃያ ስድስት ዓመት አንዴም ጠይቀኸኝ አታውቅም" አለች። አልተቆጣችም። ዝም ብላ ነው የነገረችኝ።

"ኳስ የማትወጂ መስሎኝ ነበር።"

ኩሽና ገብታ መደርደሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ትንሽ ሬዲዮ አምጥታ ቅጹ ላይ አስቀመጠችው። ይሄ ሬዲዮ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። የምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

"የእናቴ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 'ጎል' ያለችው እሷ ናት። አንተ ስታዲየም በሄድክ ቁጥር በዚህ ነው ስሰማ የኖርኩት።"

ወንበር ሁለት ላይ ስሟን ጻፍኩ። አንገቷን አስግጋ አየችው።

"የመተላለፊያው ዳር የኔ ነው" አለች።

ሰርዤ አስተካከልኩት።