የዓይን ፈተናውን ላሳለፉን ሊቀመንበር ከሃስኬት የተላከ ምስጋና

«ሃስኬት ስቴት ደስ የሚል ቡድን ነው፤ ልጆቹም ይታገላሉ። ነገር ግን የሚጫወትበት ኮንፈረንስ ክብደት የለውም፤ በዓይን ሲታይም የሻምፒዮና ቡድን አይመስልም። የሻምፒዮና ቡድን ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህንን ይመልከት።»
ዶክተር ፕሬስተን ጋልብሬዝ፣ ማክሰኞ ምሽት በቴሌቪዥን የተናገሩት

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ፕሬስተን ጋልብሬዝ፣
የኮሌጅ ፉትቦል ሻምፒዮና መራጭ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም የተከበረው ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ምግብዎ የሚስማማ፣ በተለይ ደግሞ የዓይንዎ ብርሃን የማይደክም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የዓይንዎን ነገር ለይቼ ያነሳሁት የአንድ ከተማ ሕዝብ የዚህ ሳምንት ተስፋ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ስለሆነ ነው።

ስሜ ሌላንድ ሆሌቼክ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ሲሆን፣ ከሃስኬት ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ እነሆ እስከ ዛሬ የካውንቲያችን መሬት ቀያሽ ሆኜ እሠራለሁ። በእኔ ሙያ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ሲጣሉ መሣሪያ ተክሎ መለካት እንጂ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ «በዓይን ሲታይ የዚህኛው መሬት ይመስላል፤ አያቱም ሀብታም ነበሩ» ብሎ መፍረድ አልተለመደም። ቢለመድ ኖሮ ስንት ሥራ ይቀልልኝ ነበር! የኮሚቴዎን አሠራር ባየሁ ቁጥር ወጣትነቴን በከንቱ በሜዳ ላይ እንዳባከንኩ ይሰማኛል።

እንደሚያውቁት በመጪው እሑድ ለሻምፒዮናው የሚወዳደሩትን አሥራ ሁለት ቡድኖች ስም ያነባሉ። የእኛ ጃርቶች (ቡድናችን የሚጠራው በዚህ የተከበረ እንስሳ ስም ነው) ዘንድሮ አሥራ ሁለት ጨዋታ ተጫውተው አሥራ ሁለቱንም አሸንፈዋል፤ ኮሚቴዎም አሥራ አምስተኛ አድርጓቸዋል። ሬድመንት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ጊዜ ተሸንፏል፤ ከሦስቱ አንዱን ያሸነፍነው እኛ ነን፤ እርሱ ስምንተኛ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ያደረግኩትን ጥረት በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ክብደት። እኛ የምንጫወትበት የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር፣ ማለትም የሰባት ወንዞች ኮንፈረንስ፣ ክብደት እንደሌለው ነግረውናል። ክብደቱን በየትኛው ሚዛን እንደለኩት ግን ሳይነግሩን ቀሩ። ሬድመንት የሚገኝበት ታላቁ የማዕከል ኮንፈረንስ ከባድ መሆኑን ለማስረዳት በየሳምንቱ የሚጠሯቸውን ዋንጫዎች ተከታትዬ አይቻለሁ። እነዚያ ዋንጫዎች ሲነሱ የአሁኖቹ ተጫዋቾች እናቶችና አባቶች ገና አልተዋወቁም ነበር። የሞተ ሰው ሩጫ ዛሬም ነጥብ የሚያስቆጥር ከሆነ፣ እኛም በመቃብር ስፍራችን ፈጣን ፈጣን ሰዎች አሉን፤ ስማቸውን በዝርዝር ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ሁለተኛ፦ ስለ ሽንፈት ዓይነቶች። «ጥራት ያለው ሽንፈት» የሚል አዲስ ሐሳብ ስላስተማሩን ባለውለታዎ ነን። ሬድመንት ከራሱ ኮንፈረንስ ቡድን ጋር ተጋጥሞ ሲያሸንፍ የሬድመንት ጥንካሬ ይታያል፤ ሲሸነፍ ደግሞ የኮንፈረንሱ ጥንካሬ ይታያል፤ በእኛ ሲሸነፍ ግን የሚታየው የሬድመንት ልጆች በዚያ ቀን እንዳልተመቻቸው ብቻ ነው። በየትኛውም በር ቢገቡ መጨረሻው የሬድመንት ሳሎን የሆነ እንዲህ ያለ ቤት የነደፈውን ሰው እንደ መሐንዲስ ሳላደንቅ አላልፍም።

ሦስተኛ፦ ስለ ተጋጣሚዎቻችን። ደካሞችን ብቻ እየመረጥን እንደምንጫወት ተናግረዋል። የስፖርት ክፍላችን ኃላፊ ወደ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሲደውል የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ፕሮግራማቸው ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ተይዟል። ዘንድሮ በሩን የከፈተልን ሬድመንት ብቻ ነበር፤ እርሱም የጠራን በኦክቶበር፣ የቀድሞ ተመራቂዎች ወደ ትምህርት ቤታቸው በሚመለሱበት በዓል ቀን ነው። በዚያ ቀን የሚጋበዝ ቡድን ለምን እንደሚጋበዝ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ሽማግሌዎቹ እየዘፈኑ ወደ ቤታቸው እንዲገቡ በጨዋነት የሚሸነፍ እንግዳ ያስፈልጋል። እኛም በጨዋነት ሄድን፤ ሠላሳ አራት ለአሥራ ሦስት አሸንፈን በጨዋነት ተመለስን። ለበዓሉ የተጋገረው ትልቅ ኬክ ሳይቆረስ እንደቀረ ሰምቼ እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

አራተኛም ነበረኝ፤ እርሱ የዓይን ፈተናውን፣ ማለትም ቡድንን በመልኩ አይቶ መመዘኑን፣ የሚመለከት ረጅምና መራራ ቅሬታ ነበር። ማክሰኞ ምሽት ግን እርስዎ ራስዎ ሰረዙልኝ፤ ስለዚህ በቅሬታው ፋንታ የሆነውን ልንገርዎ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደረጃው ሲነበብ የከተማችን ግማሽ በዶሪን ምግብ ቤት ይሰበሰባል። በዚያ ምሽት ከእኔ አጠገብ የተቀመጡት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነርስ ወይዘሮ ኢቮን ኦግስባሪ ነበሩ። ልጃቸው ዴሪየስ በመከላከያችን መሀል የሚቆመው አርባ አራት ቁጥር ነው። አምና ሬድመንት ራሱ ደውሎ «እኛ ጋ ና፤ ለሻምፒዮና ትጫወታለህ» ብሎት ነበር። ልጁም ለእናቱ «እማዬ፣ ከእነዚህ ልጆች ጋር ጀምሬያለሁ፤ ከእነሱ ጋር እጨርሳለሁ» ብሎ ቀረ። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። እሑድ ስማችን ካልተጠራ የመጨረሻ ጨዋታውን የሚጫወተው አንድ የፍራሽ ነጋዴ ባዘጋጀው ዋንጫ፣ በቤዝቦል ሜዳ ላይ፣ በባዶ ወንበሮች ፊት ነው። የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር ለእርሱ የለም።

አሥራ አምስተኛ መሆናችን ሲነበብ ዶሪን ሪሞቱን አንስታ «ልቀይረው እንዴ? በሌላው ቻናል ምግብ ዝግጅት አለ» አለች። ጋዝ የሚያከፋፍለው ክሊፍ «ተይው ባክሽ ዶሪን፤ ከጀመርነው አይቀር ስድባችንን እንጨርሰው» አላት። ያን ጊዜ እርስዎ የሻምፒዮና ቡድን ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ፊልም አስከፈቱ። በሬድመንት ስታዲየም፣ በሬድመንት ሣር ላይ፣ ወይን ጠጅ የለበሱት ነጭ የለበሱትን እንደ ወንበር ሲገለብጧቸው አየን። ንግግርዎን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ «ወይን ጠጅ የለበሱትን ተመልከቱ። መሀል ላይ ያለውን ልጅ ተመልከቱት፤ ኳሷ ሳትነሳ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል። ይህንን በሰባት ወንዞች ኮንፈረንስ አይማሩትም። ሬድመንት ማለት ይህ ነው።»

ወይዘሮ ኢቮን ሹካቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ! ያ የኔ ልጅ ነው!»

«ተቀመጪ ኢቮን፤ ሬድመንት ነው እኮ የሚለው» አለ ክሊፍ።

«አንተ ልጄን ልታሳየኝ ነው? ካልሲውን አታይም? ግራው ወርዶ! ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ሰብስበው እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ!»

«በስመአብ!» አለ ክሊፍ፤ «ሰውዬው እኛን ነው እንዴ የሚያሞግሰው?»

«ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች ዶሪን፤ «አትረብሹት! ይቀጥል! ይጨምርልን!»

እርስዎም አላሳፈሩንም፤ ጨመሩልን። «ይህ ዲሲፕሊን ነው» ሲሉ ክሊፍ የፓይ መደርደሪያውን ሳመ። «ይህ የትልቅ ኮንፈረንስ ትምህርት ነው» ሲሉ ከሠርጌ ቀን በቀር ጨፍሬ የማላውቀው እኔ፣ በጠረጴዛዎች መካከል ጨፈርኩ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ ሊሰድበኝ ተነስቶ እንዲህ አድርጎ ያመሰገነኝ ግን ከእርስዎ በቀር አላጋጠመኝም።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ቀያሽ ነኝና አጣርቻለሁ። በኮሌጅ ፉትቦል ልማድ ባለሜዳው ጠቆር ያለውን ማሊያ፣ እንግዳው ነጩን ይለብሳል። በዚያ የበዓል ቀን ግን ሬድመንት ሽማግሌዎቹን ለማስደሰት አያቶቻቸው ይለብሱት የነበረውን ነጭ ማሊያ ማውጣት ፈልጎ፣ እኛ ጠቆር ያለውን እንድንለብስ በትሕትና ጠየቀን። የእኛም ጠቆር ያለው ማሊያ እንደነሱ ወይን ጠጅ ነው። እናንተ የምትመለከቱት ፊልም ደግሞ አሠልጣኞች ከስታዲየሙ ጣሪያ ላይ የሚቀርጹት ነው፤ ድምፅ የለው፣ ውጤት አይጽፍ፣ ሰው ሁሉ የባቄላ ፍሬ ያህል ነው፤ ከእናት በቀር ማንም ማንንም አይለይም። የሬድመንትን ሜዳ አዩ፤ ወይን ጠጅ አዩ፤ ሲያሸንፍም አዩ፤ የቀረውን የኮንፈረንሱ ስም ሞላልዎት። ጨዋታው ያኔ በቴሌቪዥን የተላለፈበትን ቅጂና የእናንተን ፊልም ጎን ለጎን አድርጌ አያይዣለሁ። ጨዋታው ሦስተኛው ሩብ ላይ ነው። ወንበር ሆነው የሚገለበጡት ነጭ ለባሾች የእርስዎ ስምንተኛ ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደውዬ ነበር። አንዲት እጅግ ትሑት ወጣት ስልኩን አንስታ «አቶ ሆሌቼክ፣ ኮሚቴው በአንድ ፊልም ላይ አስተያየት አይሰጥም፤ የሚያየው አጠቃላይ ገጽታውን ነው» አለችኝ። «እኔስ የደወልኩት ስለ ገጽታው መስሎኝ» ብላት፣ መልካም ቀን ተመኝታልኝ ዘጋችው። ትሕትናዋን እንዲያመሰግኑልኝ አደራ እላለሁ።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ንጹሕ ፈተና ከየት ይመጣል? ስማችን ሲሸፈን ሻምፒዮን ነን፤ ስማችን ሲገለጥ አሥራ አምስተኛ ነን። ያው እግር፣ ያው ትከሻ፣ ያው የወረደ ካልሲ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስም ብቻ መሆኑን በራስዎ አንደበት፣ በመላው አገር ፊት፣ ያለ ምንም ግፊት ስላረጋገጡልን የሃስኬት ሕዝብ ውለታዎን አይረሳም። ከአሁን በኋላ ስለ ዴሪየስ ኦግስባሪ ችሎታ ማንም ቢጠራጠር ምስክራችን እርስዎ ነዎት።

በቁም ነገር አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። እነዚህ ልጆች በሜዳ የሚደረገውን ሁሉ አድርገዋል። ከዚህ በኋላ የሚያሸንፉት ሰው አልቀረላቸውም፤ የቀሩት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ደግሞ ሜዳ አትገቡም።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወይ ወይን ጠጅ የለበሱት ልጆች የሻምፒዮና ቡድን አይመስሉም፤ እንዲህ ከሆነ ማክሰኞ ምሽት የተናገሩት ስሕተት ነውና በዚያው ቴሌቪዥን ያስተካክሉ። ወይም ይመስላሉ፤ እንዲህ ከሆነ እሑድ ስማቸውን ይጥሩ። ሦስተኛም መንገድ አለ፦ ልጆቹ ሻምፒዮን የሚመስሉት የሬድመንት ሲሆኑ ብቻ ነው ማለት ይችላሉ። ይህንን ከመረጡ እባክዎ በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ይጻፉት፤ በመስታወት አስገብተን በዶሪን ምግብ ቤት በር ላይ እንሰቅለዋለን። መልስዎን በፊርማዎ ተረጋግጦ፣ ዝርዝሩ ከመነበቡ በፊት፣ እስከ ቅዳሜ ዲሴምበር 6 እኩለ ቀን ድረስ እጠብቃለሁ።

ለላቀው ማስተዋልዎ፣ ለማይዛነፈው ፍርድዎና ሳያስቡት ለተናገሩት እውነት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣

ሌላንድ ሆሌቼክ
ፈቃድ ያለው ቀያሽ፣ ሃስኬት

ማስታወሻ፦ ይህንን ላሽግ ስል አንድ ዜና ደረሰን። ሬድመንት ለሚቀጥለው ዓመት የተመራቂዎች በዓል ይዞልን የነበረውን ጨዋታ ሰርዟል፤ ምክንያቱም ኮንፈረንሳችን ክብደት ስለሌለው ነው ብሏል። በምትካችን የጋበዘው ቡድን ከተመሠረተ ሁለት ዓመቱ ሲሆን እስካሁን አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። የዚያን ቀን አሸናፊ ከወዲሁ ስለሚታወቅ፣ ኮሚቴው ጊዜ እንዳያባክን የሚቀጥለውን ዓመት ስምንተኛነት ለሬድመንት ዛሬውኑ ቢሰጠው አልቃወምም።